ከማን ላይ እንውሰድ? የወሎ ከተሞች የነገ ውሃ እና የቦርከና ተፋሰስ

የውሃ ፈረቃው ሌሊት የሚደርሰው የደሴ ነዋሪ ጆሮውን ከግቢው ቧንቧ ሳይነቅል ይተኛል። ቧንቧው ውሃ ከመስጠቱ በፊት አየር ይተፋል፤ ያን ፉጨት የሰማ ሰው ተነሥቶ ጀሪካኑን ይደረድራል፣ ባልዲውን ያቀርባል፣ ሮቶ ያለው ደግሞ መሙያውን ይከፍታል። መጀመሪያ የሚወርደው ውሃ ደፍረስ ስለሚል ለወለልና ለመጸዳጃ ቤት ይቀመጣል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ለመጠጥ፣ ለወጥና ለቡና ነው። የፈረቃ ማስታወቂያ ቢለጠፍም ሰው የሚያምነው የሞላውን ጀሪካን ነው።

ይህን ችግር ከተሞቻችን የሚረዱት እንደ አቅርቦት ጉድለት ብቻ ነው፤ መፍትሔውም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ተጨማሪ ጉድጓድ ይቆፈር፣ ሌላ ምንጭ ይጎልብት፣ ትልቅ ማጠራቀሚያ ይሠራ። ደሴም፣ ኮምቦልቻም፣ ከሚሴም፣ ወልድያም የየራሳቸውን ጥናት አስጠንተው የየራሳቸውን በጀት ይጠይቃሉ፤ የሁሉም ጥያቄ «ውሃ ከየት እናምጣ?» የሚል ነው። ጥያቄው ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ግማሽ ጥያቄ ነው። ውሃ ከአንድ ቦታ ሲመጣ ከዚያው ቦታ ይጎድላልና ቀሪው ግማሽ «ከማን ላይ እንውሰድ፣ በየትኛው ወር እንውሰድ፣ ለተወሰደበትስ ምን እንመልስ?» የሚለው ነው። ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ አንድ ከተማ ለብቻው ሊመልሰው አይችልም፤ መልሱ የሚገኘው ወንዙን ከመነሻው እስከ መድረሻው በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጉት ነው።

ወሎ ውሃ የሚለያይበት አገር ነው። ከደሴ በላይ፣ ኩታበር አካባቢ፣ በአንድ ሸንተረር ላይ የወረደ ዝናብ ወደ ምዕራብ ካዘነበለ በሽሎን ይዞ አባይ ይገባል፤ ወደ ምሥራቅ ካዘነበለ ደግሞ ቦርከናን ይዞ፣ በደሴና በኮምቦልቻ አልፎ፣ ጨፋን አቋርጦ አዋሽ ይደርሳል። የመጀመሪያው ባሕር ሊያይ ይችላል፤ ሁለተኛው ግን አያይም፣ አዋሽ በጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃልና። ወደ ሰሜን ሲኬድ ከላስታ ተራሮች የሚነሣው ውሃ የተከዜ ነው፤ በራያ ቆቦ ሜዳ የሚያልፈው ጎሊና ደግሞ ወደ ደናክል ዝቅተኛ ምድር ይወርዳል። በአንድ የድሮ ክፍለ ሀገር ውስጥ አራት ተፋሰስ አለ ማለት ነው። «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት ለደሴ ሲሆን ያንሳል፤ ደሴ የአባይም የአዋሽም ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ነው የምትጠማው።

የጥማቱ አንዱ ምክንያትም ይኸው አቀማመጧ ነው። በወንዝ ራስ ላይ የተቀመጠ ከተማ ከበላዩ ውሃ የሚሰበስብለት መሬት ጠባብ ነው። ከደሴ በላይ ያለው የቦርከና ተፋሰስ ትንሽ ስለሆነ ክረምት ሲወጣ ወንዙም ምንጩም ቶሎ ይሟሽሻል፤ ሰፊው መሬትና ውሃ ያቆረው አሸዋማ ሜዳ የሚገኘው ከታች፣ በኮምቦልቻና ከዚያ በታች ነው። ሰው ከላይ፣ ውሃ ከታች።

የዓመቱን ድምር ብቻ የሚያይ ሰው ግን ችግር ያለ አይመስለውም። ኮምቦልቻ በዓመት በአማካይ ወደ 1,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ ይህም በአንድ ሄክታር ላይ 10,000 ሜትር ኩብ ውሃ ማለት ነው። የዚህ ግማሽ ያህሉ በሐምሌና በነሐሴ ወርዶ አፈሩን ይዞ ይሄዳል። የተረፈው በበልግና በሌሎቹ ወራት ይከፋፈላል፤ በልግ ደግሞ የወሎ ደጋ ገበሬ ሁሉ እንደሚያውቀው ቃል የማይጠብቅ ዝናብ ነው። በልግ ሲቀር የደጋው ማሳ ብቻ አይደለም የሚደርቀው፤ ከጥቅምት ጀምሮ ሲመናመን የቆየው ምንጭ የሚታደስበት ዕድልም አብሮ ይቀራል። ስለዚህ የአንድ ተፋሰስ አቅም መለካት ያለበት በነሐሴ ጎርፍ ሳይሆን በልግ በቀረበት ዓመት በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ በሚታየው ቀጭን ፍሰት ነው። የ1966ንና የ1977ን የድርቅ ዓመታት ያሳለፈ አገር በአማካይ ቁጥር ሊያቅድ አይገባም ነበር፤ የሚገርመው ግን አብዛኛው የፕሮጀክት ሰነድ አሁንም የሚጀምረው በአማካይ ነው።

ወደ ፍላጎቱ ስንመጣ የምንይዘው ቁጥር ራሱ አሮጌ ነው። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፣ አራተኛው ቆጠራ በ2011 ዓ.ም. በተወካዮችና በፌዴሬሽን ምክር ቤቶች የጋራ ውሳኔ ከተራዘመ በኋላ እስካሁን ሲጠበቅ ቆይቷል። በዚያ ቆጠራ የደሴ ከተማ አስተዳደር ሕዝብ 151,174 ነበር። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የተቀመጠው መስፈርት ከ100,000 እስከ 1 ሚሊዮን ነዋሪ ላለው ከተማ በነፍስ ወከፍ በቀን 80 ሊትር ነው። በዚህ ስሌት ደሴ በ1999 ዓ.ም. የሚያስፈልጋት በቀን 12,000 ሜትር ኩብ ገደማ ነበር። አንድ ከተማ በዓመት በ4 በመቶ ካደገ በ18 ዓመት ውስጥ እጥፍ ይሆናል፤ ለደሴ ይህን ዕድገት እንደ ምሳሌ ብንይዝ ዛሬ የሚያስፈልጋት ከ24,000 ሜትር ኩብ አያንስም። ይህ እንግዲህ የነዋሪው ቤት ብቻ ነው፤ ሆስፒታሉ፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ሆቴሉና የመኪና እጥበቱ አልተቆጠሩም። ሕዝብ በዓመት 4 በመቶ ብቻ እያደገ እንደማይመጣም ያየነው ነው፤ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለ ብዙ ሕዝብ በሳምንታት ውስጥ ደሴ ሲገባ ያው ቧንቧ ነበር የተጠበቀው።

ለቤተሰብ የሚደርሰው ውሃና ከጉድጓድ የሚወጣው ውሃ ደግሞ አንድ አይደለም። በመንገድ ላይ ሦስት እጁ ውስጥ አንዱ ቢባክን፣ 24,000 ሜትር ኩብ ለማድረስ 36,000 ማምረት ግድ ይላል። ብክነት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው አስፋልት ሥር የፈነዳ ቧንቧ ነው፤ ነገር ግን የቆመ ቆጣሪ፣ ሞልቶ የሚፈስ ማጠራቀሚያ፣ በሕገ ወጥ መንገድ የተቀጠለ መስመርም እዚያው ውስጥ ናቸው። ፈረቃው ራሱ ብክነትን ያባብሳል፤ መስመሩ ባዶ ሲሆን አየርና ቆሻሻ ይገባበታል፣ ውሃው በድንገት ሲለቀቅ ግፊቱ ያረጀውን መገጣጠሚያ ይፈታዋል። በእኔ ግምት ለወሎ ከተሞች ርካሹ አዲስ የውሃ ምንጭ ያለው ከመሬት በታች 200 ሜትር ላይ ሳይሆን ከመንገዱ በታች አንድ ሜትር ላይ ነው። የቧንቧ ጥገና ግን ሪባን ስለማይቆረጥበት ከጉድጓድ ያነሰ ወዳጅ አለው።

ውሃውን ከታች ወደ ላይ ለመግፋት የሚወጣውን ወጪም እንይ። በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ የከፍታው ልዩነት ግን ወደ 600 ሜትር ይጠጋል። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 100 ሜትር ሽቅብ ለመግፋት፣ ፓምፑ ከሚወስደው ኃይል 60 በመቶውን ሥራ ላይ ያውለዋል ብለን ብንነሣ፣ 0.45 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። 600 ሜትር ሲሆን 2.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። በቀን 10,000 ሜትር ኩብ ከኮምቦልቻ ሜዳ ወደ ደሴ እንግፋ ብንል በየቀኑ 27,000 ኪሎ ዋት ሰዓት እንከፍላለን፤ በመስመሩ ውስጥ በሰበቃ የሚጠፋውን ግፊት ሳንጨምር። መብራት በጠፋ ቁጥር ደግሞ ውሃውም አብሮ ይጠፋል። ይህ ማለት ከታች ማምጣት ፈጽሞ አይቻልም ማለት አይደለም፤ ከላይ ያለውን እያንዳንዱን ምንጭ፣ ከጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ ጨምሮ፣ ሳይጨርሱ ወደ ታች ማየት ውድ ነው ማለት ነው።

ከታች ያለውም ባለቤት አለው። ኮምቦልቻ የራሷ ነዋሪ፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳና የቢራ ፋብሪካዎች አሏት፤ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም የመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ 75 ሄክታር ነው። ፋብሪካ ውሃ የሚወስደው በመጠን ብቻ ሳይሆን በጥራትም ነው፤ ቆዳ የሚለፋበት ክሮምና ጨርቅ የሚነከርበት ቀለም በደንብ ሳይጣራ ወደ ወንዝ ከገባ፣ አንድ ሜትር ኩብ ፍሳሽ ብዙ ሜትር ኩብ ንጹሕ ውሃን ከአገልግሎት ውጪ ያደርጋል። ቦርከና ኮምቦልቻ ሲደርስ የደሴን ቆሻሻ ተሸክሞ ነው፤ ከኮምቦልቻ ሲወጣ የሁለቱን ይዞ። ከዚያ በታች በዚሁ ወንዝ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ቆስጣ ይለማበታል፤ ያ ቆስጣ ተመልሶ የሚሸጠው እዚያው ደሴና ኮምቦልቻ ገበያ ላይ ነው።

ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ ሲወረድ የጨፋ ረግረግ አለ። በጨፋ ሣር የሚጠቀሙት የአካባቢው ገበሬዎች ብቻ አይደሉም፤ በበጋ ቆላው ሲደርቅ የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ይዘው ወደዚያ ይወጣሉ። ከላይ አንድ ግድብ ወይም አሥር ጉድጓድ የሚሠራ መሐንዲስ «ለወንዙ ደኅንነት የሚለቀቅ ፍሰት» ብሎ በሰነዱ የሚጽፈው ቁጥር፣ እዚያ ሲደርስ ቁጥር መሆኑ ቀርቶ ሣር ይሆናል። ሣሩ ካነሰ ደግሞ ግጭት ይሆናል፤ በውሃና በግጦሽ የተነሣ ጠብ ለዚህ አካባቢ አዲስ ነገር አይደለም። ከዚያም ወርዶ ቦርከና፣ ከተሁለደሬና ከወረባቦ በኩል የሚሄደው ሚሌም ከአዋሽ ጋር ሲቀላቀሉ ውሃውም ደለሉም የተንዳሆ ግድብ ጉዳይ ይሆናሉ። ደሴ ላይ የሚወሰን ነገር አፋር ክልል ላይ የሚታይበት ምክንያት ይህ ነው።

መስኖ ደግሞ ከሁሉም በላይ ውሃ የሚወስደው ነው፤ በመጠኑ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። አንድ ሄክታር መስኖ በተከታታይ 1 ሊትር በሰከንድ ይወስዳል ብንል በቀን 86,400 ሊትር ነው። በ80 ሊትር መስፈርት ይህ ለ1,080 የከተማ ሰው ይበቃል፤ በገጠሩ የ25 ሊትር መስፈርት ደግሞ ለ3,456 ሰው። እንዲህ ያለውን ንጽጽር አንዳንድ ሰው «እንግዲያው መስኖው ይቁም» ለማለት ያነሣዋል። እኔ የማነሣው ለተቃራኒው ነው፦ በመስኖ ቦይ ላይ በብክነት የሚሰርገው ውሃ ጥቂት እንኳ ቢቀንስ የከተማውን ጎዶሎ የሚሞላው ገበሬው ሳይጎዳ ሊሆን ይችላልና። ይህ የሚሆነው ግን ቦዩን የሚያድሰው ገንዘብ ከከተማው ከመጣና ገበሬው በጽሑፍ የተረጋገጠ ድርሻ ከያዘ ብቻ ነው።

ይህን የመሰለ ስምምነት ለወሎ ባዕድ አይደለም። በባህላዊ መስኖ ላይ የውሃ አባት አለ፤ ገበሬዎቹ ራሳቸው የሚመርጡት፣ ቦዩን የሚያውቅ፣ ማን መቼ እንደሚያጠጣ የሚወስን ሰው ነው። ወቅቱ ሲገባ በመጀመሪያ ቦይ ጠረጋ ይጠራል፤ ያልመጣ ወይም ሰው ያልላከ ይቀጣል፣ አለዚያም ወረፋው ይዘለላል። ውሃው ሲበዛ ሁሉም ያጠጣል። ሲያንስ ግን ወረፋው ይጠብቃል፤ የቀኑና የሌሊቱ ተራ ይለያል፣ የላይኛው ማሳ የጠገበ እንደሆነ የታችኛው ሳያገኝ ተመልሶ አይጠልፍም። የወረፋው ሥርዓት ያለ ወረቀት የሚሠራው ሁለት ነገር ስላለው ነው፦ ሁሉም ውሃውን በዓይኑ ያየዋል፣ የውሃ አባቱም ቦዩ ላይ ነው የሚውለው። የተፋሰስ ዕቅድ የምንለው ነገር ከዚህ የሚለየው በስፋቱ ብቻ ነው፤ የጠፋብን ግን ሁለቱም ናቸው። ከደሴ እስከ ጨፋ ያለውን ውሃ በአንድ ጊዜ የሚያይ ዓይን የለም፤ ቦዩ ላይ የሚውል ሰውም የለም።

ማየት ማለት መለካት ነው። ከደሴ በስተደቡብ፣ አልቡኮ ወረዳ፣ ማይባር ላይ ከ1974 ዓ.ም. ጀምሮ 113 ሄክታር በምታህል አነስተኛ ተፋሰስ የዝናብ፣ የወንዝ ፍሰትና የአፈር መሸርሸር ልኬት ሲካሄድ ቆይቷል። አንድ ሸለቆ፣ አንድ ጅረት፣ ብዙ ዓመት። የዚያ ዓይነት ረጅም መዝገብ እርከን ሲሠራ ጎርፉ እንዴት እንደሚሰክን፣ ዝናቡ ሲለወጥ ጅረቱ እንዴት እንደሚመልስ በግምት ሳይሆን በቁጥር ለመናገር ያስችላል። በዋናው ቦርከና ላይ፣ ከየከተማው በላይና በታች፣ እንዲህ ያለ ሳይቋረጥ የሚነበብ መለኪያ ሳይኖር የሚሰጥ የውሃ ፈቃድ ሁሉ በጨለማ የሚታደል ወረፋ ነው።

የከርሰ ምድር ውሃም ከዚሁ ሕግ አያመልጥም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተጀመረው የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም በጥልቅ ጉድጓድ፣ በጠብታና በርጭት መስኖ ለራያ ቆቦ ገበሬ ብዙ አሳይቷል። ያው ሸለቆ ደግሞ ከዘመናት ጀምሮ ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ በጠለፋ ወደ ማሳ እያስገባ የሚያርስ ሕዝብ ያለበት ነው። ሁለቱ በአንድ ሒሳብ ውስጥ ናቸው፦ ማሳ ላይ የሚንጣለለው ጎርፍ ከሚተነው የተረፈው ወደ ታች ሰርጎ የጉድጓዱን ውሃ ይሞላል። ላይ ጎርፉን የሚያስቀር ሥራ ሲሠራ የታች ጉድጓድ መልሶ የሚሞላበት መንገድ አብሮ መታየት አለበት። ሐይቅና አርዲቦ የተባሉት ሐይቆችም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣሉ፤ ከአርዲቦ ወደ ሐይቅ የሚወርደው ጅረት በመንገዱ ላይ ለመስኖ ይጠለፋል፤ መውጫ ለሌለው የሐይቅ ሐይቅ ደግሞ ከላይ የቀረ ውሃ ሁሉ በዳርቻው ላይ ይታያል።

ሕጉ በወረቀት ላይ መጥፎ አይደለም። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለቤት ፍጆታ የሚውል ውሃ ከማንኛውም ሌላ አገልግሎት ቅድሚያ እንዳለው ይደነግጋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 መሠረት ክልሎችን የሚያገናኙ ወንዞችና ሐይቆችን ውሃ አጠቃቀም የሚወስነውና የሚያስተዳድረው ፌዴራል መንግሥት ነው፤ አዋሽ ኦሮሚያን፣ አማራን፣ አፋርን፣ ሶማሌን፣ አዲስ አበባንና ድሬዳዋን ስለሚነካ ቦርከናም በዚያ ሥር ይወድቃል። በ1999 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 534 የተፋሰስ ምክር ቤቶችና ባለሥልጣናት እንዲቋቋሙ ተወሰነ፤ በ2011 የተፋሰሶች ልማት ባለሥልጣን በሌላ አዋጅ መጣ፤ በ2014 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1263 ሥልጣኑን ወደ ውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር አዞረው። በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ቤት የለወጠ መሥሪያ ቤት የረጅም ጊዜ መዝገብ ይዞ ይዘልቃል ብሎ መጠበቅ ከባድ ነው። የከተማው ውሃ አገልግሎት የሚመለሰው ለከተማው፣ መስኖው ለክልሉ፣ ኢንዱስትሪው ለሌላ መሥሪያ ቤት ነው፤ ወንዙ ግን ለማንም አይመለስም።

ለዚህ ነው የቦርከና ንዑስ ተፋሰስ የራሱ ጠረጴዛ ያስፈልገዋል የምለው። ጠረጴዛው ላይ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ከሚሴና የገጠር ወረዳዎቹ ይቀመጣሉ፤ የጨፋ ግጦሽ ተጠቃሚዎችና የአፋር ክልልም መቀመጫ ይኖራቸዋል፤ ፌዴራሉ ደግሞ እንደ ዳኛ ይገኛል። የመጀመሪያው ሥራ ጉድጓድ መምረጥ አይሆንም፤ በደረቁ ዓመት ግንቦት ላይ ያለውን ውሃ ለክቶ ቁጥሩን ማጽደቅ ነው። ሁለተኛው ከዚያ ቁጥር ላይ ለቤት፣ ለወንዙ፣ ለመስኖና ለፋብሪካ ድርሻ መቁረጥ፣ ድርቅ ሲመጣ ማን ቀድሞ እንደሚቀንስ ሳይደርቅ በፊት መስማማት ነው። ጉድጓዱ፣ ግድቡና ፓምፑ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ፤ ምናልባትም ከታሰበው ያነሱ ሆነው።

በዚያ ጠረጴዛ ላይ ከሁሉ የሚያከራክረው የኩታበር ጉዳይ ይመስለኛል። የደሴ ምንጮች የሚሞሉት ከተራራው ላይ እርከን ሲሠራ፣ ከብት ከተከለለው መሬት ሲወጣ፣ ምንጭ ዳር የተተከለ ባሕር ዛፍ ሲነሣ ነው። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ገበሬ ግጦሹን ያጣል፣ የባሕር ዛፉን ሽያጭ ያጣል፣ በነጻ ጉልበትም ይደክማል፤ ውሃው ግን ከተማ ወርዶ በቆጣሪ ይሸጣል። በየወሩ ከሚከፈለው የውሃ ሂሳብ ላይ ከእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ጥቂት ሳንቲም ተቆርጦ ለላይኛው ቀበሌ በስሙ ይገባ ቢባል፣ ከተማው የታሪፍ ጭማሪ ብሎ ሊያጉረመርም ይችላል። ኩታበር ላይ ግን ያ ገንዘብ ምንጩ ዳር ባሕር ዛፍ ለመትከል ወይም ላለመትከል የሚወስን ገንዘብ ነው፤ ችግኙ ደግሞ የሚተከለው በሐምሌ ስለሆነ ውሳኔው ከሰኔ አያልፍም።